ጥያቄው የማን ነው?

በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ደሞዝ፣ ስለ ፓስፖርት፣ ስለ ከፋላ ብዙ ተጽፏል፤ ገናም ይጻፋል። እኔ ዛሬ የማነሳው ሰው ብዙም የማያነሳውን ነገር ነው። ስለ አካል ጉዳተኞች ጥናት ሲደረግ ጥናቱ የማን ነው? የሚያጠናው ሰው ብቻ ነው ወይስ የሚጠናውም ሰው ድርሻ አለው? «ይሄ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የምትል አትጠፋም። በሁለት በኩል ያገባናል።

አንደኛ፣ ውላችን «የቤት ሠራተኛ» ቢልም ብዙዎቻችን የምንውለው ሰው ስናነሳና ስናስተኛ ነው። ስትሮክ የመታው አባት፣ አልጋ ላይ የቀረች እናት፣ ከተወለደ ጀምሮ መራመድ ያልቻለ ልጅ። አጥኚ ወደዚያ ቤት ሲመጣ በሩን የምንከፍተው እኛ ነን። ብዙ ጊዜ መልሱንም የምንሰጠው እኛው ነን። ሁለተኛ፣ ከራሳችን መካከል እዚሁ አገር ሥራ ላይ ተጎድተው አካል ጉዳተኛ የሆኑ አሉ። ከበረንዳ ወድቃ ወገቧ የተሰበረ አለች፣ በፈላ ዘይት እጇ የተቃጠለ አለች። ጋዜጠኛውም ተማሪውም ወደ ማኅበራችን ሲመጣ መጀመሪያ የሚፈልገው እነሱን ነው። ስለዚህ እኛ አንዴ ተጠያቂ፣ አንዴ ስለ ሌላ ሰው መላሽ እየሆንን በሁለቱም በኩል ቆመናል። ነገሩን ማሰብ ያለብን ለዚህ ነው።

እስቲ ከእንግሊዝ አገር አንድ ታሪክ ላንሳ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሃምፕሻየር በሚባለው አካባቢ ሌ ኮርት የሚባል የአካል ጉዳተኞች መኖሪያ ነበር። ቼሻየር የሚለውን ስም በአገራችንም እናውቀዋለን፤ በዚያ ስም ከተቋቋሙት ቤቶች የመጀመሪያው ይሄ ነው። ነዋሪዎቹ ስንት ሰዓት እንደሚተኙ፣ መቼ ወጥተው መቼ እንደሚገቡ የሚወስነው አስተዳደሩ ነበር። ይሄ ለእኛ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ነዋሪዎቹ ግን ዝም አላሉም፣ ታገሉ። ከነሱ አንዱ ጡንቻን የሚያደክም በሽታ የነበረበት ፖል ሃንት ነው። ከአስተዳደሩ ጋር ባለመስማማታቸው ነዋሪዎቹ ራሳቸው «ተመራማሪ ይምጣና ኑሯችንን ይይልን» አሉ። ልብ በሉ፣ ጥሪው ከነሱ ነው የመጣው።

ከታቪስቶክ ተቋም ኤሪክ ሚለርና ጀራልዲን ግዊን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች መጡ። ተቀመጡ፣ አዩ፣ አዳመጡ። በ1972 መጽሐፋቸው ወጣ። የደረሱበት ነገር በአጭሩ ይሄ ነው፦ ኅብረተሰቡ እነዚህን ሰዎች ገና በሕይወት እያሉ እንደ ሞቱ ቆጥሯቸዋል፤ የተቋሙም ሥራ ከዚህ ማኅበራዊ ሞት እስከ እውነተኛው ሞት ድረስ ማድረስ ነው፤ እናም ይህንኑ በተሻለ መንገድ ይሥራው። ነዋሪዎቹ «ከዚህ እንዴት እንውጣ?» እያሉ መልሱ «እዚያው በደንብ ኑሩ» ሆኖ መጣ። ሃንት ከሞተ በኋላ በ1981 በወጣ ጽሑፉ ለተመራማሪዎቹ መልስ ሰጣቸው። መጽሐፉ ነዋሪዎቹን በሰው ጉልበት እንደሚኖር ጥገኛ አድርጎ ገልጿቸው ስለነበር፣ ሃንት ያንኑ ቃል መልሶ ተመራማሪዎቹ ላይ ለጠፈው። በእኛ ኑሮ ላይ ሥራና ስም ያገኛችሁት እናንተ ናችሁ ማለቱ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ?

እኔን የሚያስጨንቀኝ ሁለቱ ተመራማሪዎች ክፉ ሰዎች አለመሆናቸው ነው። ክፉ ቢሆኑ ነገሩ ቀላል ነበር። ሰዎቹን አክብረው አዳምጠዋል። ታዲያ ምን ጎደለ? ነዋሪዎቹ ጥሪውን ያቅርቡ እንጂ ጥያቄው በእጃቸው አልነበረም። መደምደሚያውም በእጃቸው አልነበረም። መካከሉ ላይ ብቻ ነው የገቡት፣ መልስ ሰጪ ሆነው። ለዚህ ነው መደመጥ ብቻውን አጋርነት አይደለም የምለው። ማዳምም እኮ አንዳንዴ በደንብ ታዳምጣለች። ካዳመጠች በኋላ የምትወስነው ግን ብቻዋን ነው።

ጥያቄ መያዝ ማለት ምን እንደሆነ በደንብ ያሳየኝ ማይክ ኦሊቨር የተባለ እንግሊዛዊ ምሁር ነው። በወጣትነቱ አንገቱ ተሰብሮ በዊልቸር የኖረ ሰው ነው። በ1980ዎቹ የእንግሊዝ መንግሥት ስለ አካል ጉዳተኞች ትልቅ የቤት ለቤት ጥናት አድርጎ ነበር። ጠያቂው ቤት ድረስ እየመጣ፣ ምን ችግር እንዳለብህ ንገረኝ፣ ዕቃ ለመያዝና ለመክፈት የሚያስቸግርህ የትኛው ሕመምህ ነው እያለ ይጠይቃል። ኦሊቨር እነዚያኑ ጥያቄዎች ገለበጣቸው። ኅብረተሰቡ ምን ችግር እንዳለበት ንገረኝ፤ ጠርሙሱና ቆርቆሮው እንዴት ቢሠራ ነው ለመክፈት ያስቸገረህ? ሰውየው ያው ነው፣ እጁም ያው ነው። በመጀመሪያው ጥያቄ ግን ጥፋቱ እጁ ላይ ነው፣ በሁለተኛው ጠርሙሱ ላይ። ብቻህን ቁጭ ብለህ፣ አዋቂ ነው የተባለ ሰው መጥቶ ሃምሳ ጊዜ «ችግሩ አንተ ጋ ነው» በሚል መንገድ ቢጠይቅህ መጨረሻ ላይ ታምነዋለህ። ጥያቄ መረጃ ይሰበስባል ብቻ አይባልም፣ ሰውንም ይሠራል።

ከማኅበራችን አንዷ ከበረንዳ ወድቃ እግሮቿ አልታዘዝ ብለዋታል። የተለያዩ ሰዎች ሦስት ጊዜ መጥተው ጠይቀዋታል። ሦስቱም «እንዴት ወደቅሽ?» ነው ያሏት። አንድ ቀን እንጀራ እየበላን እንዲህ አለችን፦ «እኔ ብሆን ጠያቂዋ 'በሩን ማን ቆለፈው?' እል ነበር።» ኦሊቨርን አላነበበችም። ማንበብም አላስፈለጋትም።

አሁን ወደ ምንሠራበት ቤት ልምጣ። እኔ የምንከባከባቸው ሴትዮ በቤሩት ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ሁላችንም «ቴታ» ነው የምንላቸው። ስትሮክ ንግግራቸውንና ቀኝ እጃቸውን ወስዶታል። ጆሯቸውና ልባቸው ግን ሙሉ ነው። በግራ እጃቸው እጄን አንዴ ሲጨብጡ እሺ፣ ሁለቴ ሲጨብጡ እምቢ ነው። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለ እንደዚህ ዓይነት ሰዎች ኑሮ ልታጠና መጥታ መጠይቋን አወጣች። መጀመሪያ ልጃቸው መለሰች፣ ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረች። በቀን ስንቴ ትበላለች? ዳይፐር ትጠቀማለች? ትወድቃለች? ቴታ እዚያው መካከላችን ቁጭ ብለው በዓይናቸው አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያሉ። እኔም በምችለው አረብኛ «እዚህ ናቸው እኮ፣ እሳቸውን ጠይቂያቸው» አልኳት። ማዳም ደስ አላላትም። ተማሪዋ ግን ወንበሯን አዞረች።

በሃያ ደቂቃ ያልቅ የነበረው መጠይቅ ሁለት ቀን ፈጀ። መጨረሻ ላይ ፊደል የተጻፈበት ካርቶን ይዘንላቸው፣ ሌላ የሚሉት ነገር ካለ ተጠየቁ። ቴታ በጣታቸው ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየነኩ አንድ ቃል አወጡ። እኔ የአረብ ፊደል አላነብም። ልጃቸው ጮክ ብላ ስታነበው ግን ገባኝ፣ ቃሉ በእኛም ያው ነውና፦ አሳንሰር። መብራት ሲጠፋ አሳንሰሩ ይቆማል። ጄኔሬተሩም የሚነሳበት ሰዓት አይታወቅም። ዊልቸር በደረጃ ሰባት ፎቅ አይወርድም። ስለዚህ ሴትዮዋ ወራት ሙሉ መሬት አልረገጡም። መጠይቁ ውስጥ ስለ ዳይፐር ነበር፣ ስለ አሳንሰር አልነበረም። እኔ ብጠየቅ ስለ ሕመማቸው ነበር የምናገረው፣ የምሠራው እሱን ነዋ። ልጃቸውም ብትጠየቅ ስለ መድኃኒት ዋጋ ትናገር ነበር። ሁለታችንም እንወዳቸዋለን። ሁለታችንም ግን እሳቸውን አይደለንም።

ተማሪዋ በሌላ ቀን ስትመለስ መጠይቋ ላይ አዲስ ጥያቄ ጨምራ መጣች፦ «ከቤት እንዳትወጣ የሚከለክልህ ምንድን ነው?» ከዚያ ወዲያ በየቤቱ ስትሄድ የቴታን ጥያቄ ይዛ ትሄዳለች ማለት ነው። የአጋርነት መጀመሪያው ይሄ ይመስለኛል። አሳንሰሩ ግን እስካሁን ያው ነው፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ጥናት አሳንሰር አይጠግንም። ማን መጠገን እንዳለበት ግን ስሙን ሊጠራ ይችላል።

እዚህ ላይ የምትከራከረኝ አትጠፋም። «መናገርም መጨበጥም የማይችሉስ? አእምሯቸው የደከመስ?» ከባድ ጥያቄ ነው። የእኔ መልስ ቀስ ማለት ነው። በሥዕል ይጠየቅ፣ በአጭር ቃል ይጠየቅ፣ በሌላ ቀን ይጠየቅ። ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረች ሴት መልስ ሰጥታለች፣ «አልፈልግም» ብላለች። ይሄንን ከማንም በላይ የምናውቀው እኛ ነን፣ ሲርባቸውና ሲያማቸው ያለ ቃል እየተረዳን ነው የምንኖረው። ግን ተጠንቀቁ፣ መረዳት መቻላችን ምላሳቸው አያደርገንም። የምናየውን «እኔ ያየሁት ይሄ ነው» ብለን እንናገር። «እሷ የምትለው ይሄ ነው» ለማለት ግን የሷ ምልክት ያስፈልጋል።

«ፈቃድ ተጠይቋል፣ ተፈርሟል» የሚባለውም አያጽናናኝ። ኒውዮርክ ውስጥ ዊሎውብሩክ የሚባል የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች የሚኖሩበት ትልቅ የመንግሥት ተቋም ነበር። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለዓመታት ሐኪሞች የጉበት በሽታን ለማጥናት ብለው ሆነ ብለው ልጆችን በቫይረሱ ያስይዙ ነበር። የወላጅ ፊርማ ነበራቸው። ነገር ግን ተቋሙ ሞልቶ አዲስ ልጅ በማይቀበልበት ጊዜ ወደ ጥናቱ ክፍል ለሚገባ ልጅ ቦታ ይገኝ ነበር። ልጇን የምታስጠጋበት ያጣች እናት ፊርማ ምን ዓይነት ፈቃድ ነው? በማናነበው ቋንቋ የተጻፈ ኮንትራት ላይ የፈረምን ሁሉ መልሱን እናውቀዋለን። እምቢ ማለት ዋጋ የሚያስከፍል ከሆነ እሺታው ሙሉ አይደለም። ለዚህ አጋርነት የሚጀምረው እምቢ ብሎ ምንም ሳይጎድሉ ከመቅረት ነው።

አሁን ደግሞ በሌላ በኩል ያለውን አደጋ ልናገር። «አጋር» የሚለው ቃል ራሱ ያስፈራኛል። ለምን? «እንደ ቤተሰባችን ነሽ» የሚባለውን አውቀዋለሁና። ብዙ ጊዜ ይሄን የምንሰማው የእረፍት ቀን ስንጠይቅ ነው። ቤተሰብ ደሞዝ አይጠይቅም፣ ቤተሰብ ሰዓት አይቆጥርም። እንደዚሁ ደግሞ አካል ጉዳተኞችን «የጥናታችን አጋሮች» ብሎ ጠርቶ፣ ስብሰባ አስቀምጦ፣ ሻይና ብስኩት ሰጥቶ፣ ጥናቱ ላይ «ከነሱ ጋር የተሠራ» ብሎ መጻፍ አለ። ተመራማሪው ደሞዝና ማዕረግ አለው። ያቺ በዊልቸር ሁለት ታክሲ እምቢ ብሏት በሦስተኛው የመጣች ሴት የታክሲ እንኳን አይሰጣትም። ጉልበት ሥራ ከሆነ ይከፈልበታል፤ የኖሩትን ኑሮ አውጥቶ ማካፈልም ሥራ ነው። ውሳኔም ገንዘብም ስምም የማያካፍል አጋርነት «እንደ ቤተሰብ» ነው፣ ከዚያ አያልፍም።

ማን ይወከላል የሚለውም አለ። በ1990ዎቹ የደቡብ አፍሪካ አካል ጉዳተኞች «ስለ እኛ ያለ እኛ ምንም አይደረግ» የሚለውን መፈክር አንስተው ዓለም ሁሉ ተቀብሎታል። በ2006 የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ሲወጣ ይሄው ሐሳብ ገባበት። ስለነሱ በሚወሰን ነገር መንግሥታት በድርጅቶቻቸው በኩል እንዲያማክሯቸውና እንዲያሳትፏቸው ያዛል። አገራችንም በ2010 አጽድቃዋለች። ግን «እኛ» ማን ነው? ከተማ ያለው፣ የተማረው፣ ስብሰባ ላይ መናገር የሚችለው በቀላሉ ይገኛል። ገጠር ያለች፣ የምልክት ቋንቋ ያስተማራት የሌለ፣ መስማት የተሳናት ልጅ ግን እዚያ «እኛ» ውስጥ መግባቷን ማን አየ? በእኛም ማኅበር ያው ነው። እሁድ እረፍት ያለን እንሰበሰባለን፣ እንናገራለን። በር የተቆለፈባት አትመጣም። ስለሷ ስንናገር አለመኖሯን አብረን መናገር አለብን።

«ባለጉዳዩ ከገባበት ጥናቱ ያደላል» የሚሉም አሉ። ሚለርና ግዊን ሚዛናዊ ነን ብለው ነበር፤ የሃንት መልስ ግን ገና ሲጀምሩ የቆሙት በተቋሙ ወገን ነው የሚል ነበር። እኔ ሁሉም ሰው ከአንድ ቦታ ቆሞ ነው የሚጠይቀው ባይ ነኝ። ይሄ ማለት ግን ባለጉዳይ አይሳሳትም ማለት አይደለም። እኛም እናጋንናለን፣ እንረሳለን፣ እናፍራለን። አጥኚው እኛን ደስ የሚለንን ብቻ ይጻፍ አልልም። የምለው፣ ካልተስማማ ፊት ለፊት ይከራከረን፣ ካልተስማማንም አለመስማማታችን ይጻፍ ነው። ከአጋር ጋር ይጣላሉ፤ ከጀርባው ግን አያትሙም።

የሌ ኮርት ታሪክ እዚያ መጽሐፍ ላይ አላበቃም። በ1979 ገደማ እዚያው ከሚኖሩት አንዳንዶቹ የራሳቸውን ጥያቄ ይዘው ተነሱ፦ «መንግሥት ለእኔ ብሎ ለተቋሙ የሚከፍለው ገንዘብ ለእኔ ቢሰጥ፣ የራሴ ቤት ገብቼ የሚረዳኝን ሰው ራሴ መቅጠር አልችልም?» ሥራቸውን «ፕሮጀክት 81» አሉት። አስልተው፣ ከባለሥልጣኖቹ ጋር ተደራድረው፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አንድ በአንድ ወጥተው በራሳቸው ቤት መኖር ጀመሩ። በምሁራኑ ጥያቄ የተገኘው መልስ የተሻለ ተቋም ነበር። በራሳቸው ጥያቄ የተገኘው ግን የቤት ቁልፍ ነው።

ይሄን ሳነብ ደስ አለኝ፣ ቀጥሎ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። «የሚረዳኝን ሰው ልቅጠር» ሲሉ ያ ሰው እኔ ነኝ። የአንዱ ነፃነት በሌላዋ ወገብ ላይ ሊቆም ይችላል። አሳንሰሩ ቢሠራ ቴታ በየቀኑ ባሕሩን ማየት ይፈልጋሉ፣ መብታቸው ነው። ዊልቸሩን በዚያ አስፋልት ላይ የምገፋው ግን እኔ ነኝ፣ ያውም ሌላው የቤት ሥራ ሳይቀነስልኝ። ስለ እንክብካቤ የሚደረግ ጥናት ቤተሰቡን ብቻ ቢጠይቅ ሁለታችንም እንጠፋለን። ቴታን ብቻ ቢጠይቅ እኔ እጠፋለሁ። እኔን ብቻ ቢጠይቅ እሳቸው ይጠፋሉ። ስለዚህ ሁለታችንም ለየብቻ፣ አንዳችን ስለ ሌላችን ሳንመልስ፣ ጥያቄውን አብረን እንያዘው። የሚያጋጨን ነገር አለ፤ ሲነገር ቢያንስ የሁለታችንም ጥፋት እንዳልሆነ ይታያል። ያንን ሁሉ ሥራ በአንዲት ሴት ላይ የጫነው ሌላ ነው።

እንግዲህ ወደ ማኅበራችን አጥኚ ሲመጣ አንባርረው፣ ግን ደግሞ ዝም ብለን አንቀመጥለት። እነዚህን እንጠይቀው፦

ጥያቄዎቹን ማን አወጣቸው? መጠይቁ ከመታተሙ በፊት የተጎዱት እህቶቻችን መጨመርና መሰረዝ ይችላሉ?

እምቢ ያለች ሴት ከማኅበሩ እርዳታ የሚቀርባት ነገር አለ?

ጊዜዋና ትራንስፖርቷ ይከፈላል? ስንት?

የተጻፈው ነገር ከመውጣቱ በፊት በምንረዳው ቋንቋ ይነበብልናል? ካልተስማማን ተቃውሟችን አብሮ ይወጣል?

ስሟ እንዲጻፍ የምትፈልግ ይጻፍላታል? እንዳይጻፍ የምትፈልግስ በፎቶም በወሬም እንዳትታወቅ ምን ጥንቃቄ አለ?

በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ይሄን በአጀንዳ እንድናስይዝ ሐሳብ አቀርባለሁ። የመጀመሪያዋ ጥያቄ አቅራቢ ያቺ «በሩን ማን ቆለፈው?» ያለችው እህታችን ትሁን፣ እሺ ካለች። ስብሰባውም ደረጃ የሌለው ቦታ ይፈለግለት።